በደብዳቤ የተጻፈ ልብወለድ አንብቤ ጨረስኩ፣ ደብዳቤ የምትወዱ ኑ እናውራ

ዘንባባ_ጥላ

እንዴት ናችሁ ወገን። ማርያማ ባ የምትባል የሴኔጋል ደራሲ የጻፈችውን «እንዲህ ያለ ረጅም ደብዳቤ» አንብቤ ጨርሼ የማወራው ሰው አጥቼ ነው የመጣሁት። መጀመሪያ በፈረንሳይኛ በ1979 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ለአፍሪካ መጻሕፍት ይሰጥ የነበረውን የኖማ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ የወሰደው እሱ ነው። እኔ በእንግሊዝኛ ነው ያነበብኩት። ቀጭን መጽሐፍ ነው፣ ግን እያቆምኩ እያረፍኩ ነው የሄድኩት፣ ምክንያቱም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ሴት ለጓደኛዋ የምትጽፈው ደብዳቤ ስለሆነ የሰው ፖስታ ከፍቼ እያነበብኩ ያለሁ ነው የሚመስለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ራማቱላይ አስተማሪ ናት፣ የ12 ልጆች እናት። ባሏ ሞዱ ድንገት ልቡ ቆሞ ይሞታል። በእስልምና ደንብ ባል የሞተባት ሴት 4 ወር ከ10 ቀን ቤቷ ትቀመጣለች፣ እሷም ያንን ጊዜ ለልጅነት ጓደኛዋ ለአይሳቱ በመጻፍ ታሳልፈዋለች። ሞዱ ከመሞቱ ዓመታት በፊት ቢኔቱ የምትባል ልጅ፣ የገዛ ልጁን የዳባን የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ ሁለተኛ ሚስት አድርጎ እነ ራማቱላይን ጥሎ ሄዷል። እና ይሄን ማን የነገራት ይመስላችኋል? እሱ አደለም። ወንድሙ ታምሲር፣ ኢማሙና ማውዶ የሚባለው ጓደኛው ሦስት ሆነው እሁድ ቀን መጥተው ሳሎኗ ቁጭ ብለው ነው ያረዷት፣ ለዚህን ያህል ዓመት ሚስቱ ስለሆንሽ ያመሰግንሻል ብለው። እሷ ፈገግ ብላ፣ የሚጠጣ አቅርባ ሸኘቻቸው። በውስጧ ያለውን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

መጽሐፉ ለምን በደብዳቤ እንደተጻፈ የገባኝ እዚህ ጋ ነው። ይቺ ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ሌሎች ሲናገሩ ያዳመጠች ናት። ለቅሶው ላይ እንኳን ቤቷ የራሷ አደለም፣ ዘመድ ይገባል ይወጣል፣ ስለ ምግቡ ስለ ገንዘቡ ይወራል። ወረቀቱ ላይ ግን ማንም አያቋርጣትም። የጀመረችውን ነገር ትጨርሰዋለች። ደራሲዋ እንደ ሌላው ልብወለድ «ራማቱላይ እንዲህ አሰበች፣ እንዲህ ተሰማት» እያለች ብትጽፈው ኖሮ አሁንም ሌላ ሰው ስለሷ እየተናገረላት ነበር እኮ።

ደሞ የሚጻፍላት ሰው ማን እንደሆነች እዩ። አይሳቱም ባሏ ማውዶ ሁለተኛ ሚስት ሲያገባባት ደብዳቤ ጽፋ ትታው የወጣች ናት፣ ከዛ አስተርጓሚ ሆና አሜሪካ የሴኔጋል ኤምባሲ ገባች። አዎ ያው ማውዶ ነው፣ ሳሎን መጥቶ የተቀመጠው። ስለዚህ ራማቱላይ ለአይሳቱ ብዙ ማስረዳት አያስፈልጋትም፣ ታስታውሻለሽ ብላ ትጀምራለች በቃ። እኛ ደሞ በሁለቱ መሐል ቁጭ ብለን እንሰማለን።

ከጨረስኩ በኋላ ደብረ ማርቆስ ላለች ጓደኛዬ ሉክ ወረቀት አውጥቼ ጻፍኩላት። ጣና ዳር ተቀምጬ ነው የጻፍኩት፣ ሁለት ገጽ ብዬ ጀምሬ ስድስት ሆነ፣ በስልክ ተናግሬው የማላውቀው ነገር ሁሉ ወጣ። እናንተስ? በደብዳቤ የተጻፈ ልብወለድ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? አሁንም በእጁ የሚጽፍ አለ?

ሽምብጥ_ነኝ

እህቴ ጽሑፍሽ ደስ ይላል ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማንም አያቋርጣትም ያልሽው፣ የቴሌግራም ቮይስ ላይም እኮ ማንም አያቋርጥም። እኔ አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ረጅም ቮይስ ነው የምልክለት፣ የጣና ንፋስ ራሱ ይሰማዋል፣ ድምፄን ሰምቶ ደህና መሆኔንና አለመሆኔን ያውቃል። ደብዳቤ ላይ ድምፅ የለም። ሰው ድሮ ደብዳቤ የጻፈው ሌላ አማራጭ ስላልነበረው ነው እንጂ ስልክ ቢኖረው ማን ይጽፍ ነበር? ለክርክር አደለም፣ ከልቤ ነው የምጠይቅሽ።

ዘንባባ_ጥላ

ወንድሜ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔም ቮይስ እልካለሁ፣ የእናቴን ቮይስ አጥፍቼ አላውቅም። ግን ቮይስ እንደተናገርከው ይሄዳል፣ አንተ ራስህ መልሰህ አትሰማውም። ደብዳቤ የመጀመሪያ አንባቢው ጸሐፊው ነው። ራማቱላይ መጀመሪያ ላይ ስለ ሞዱ ወጣትነት በፍቅር ነው የምትጽፈው፣ ትንሽ ቆይታ ደግሞ የጋራ ቤታቸውን በባንክ አስይዞ ለወጣቷ ሚስት ቪላ እንደገዛ ታወራለች። ሁለቱም እዛው ወረቀት ላይ ናቸው፣ አንዱ አንዱን አላጠፋውም። ሰውየውን ትወደዋለች፣ የሠራትንም አትረሳም። ቮይስ ላይ ብትሆን የመጨረሻው ስሜቷ ብቻ ነበር የሚቀረው ብዬ አስባለሁ።

ሌላው መቀመጡ ነው። አይሳቱ ለማውዶ የጻፈችውን የስንብት ደብዳቤ ራማቱላይ ቃል በቃል ታስገባዋለች። ደብዳቤ ውስጥ ደብዳቤ። ከስንት ዓመት በኋላ! የዛሬ ስንት ዓመት የላክኸውን ቮይስ ማን ፈልጎ ያገኘዋል?

ከመስጊዱ_ማዶ

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን መጽሐፍ ግቢ እያለን በፒዲኤፍ ተቀባብለን ነው ያነበብነው፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ዶርም ውስጥ፣ ስንት ሌሊት እንዳወራንበት። እህቴ የጻፍሽው ልክ ነው ግን ስለ ዒዳው፣ ባል የሞተባት ሴት ቤቷ ስለምትቀመጥበት ጊዜ ማለቴ ነው፣ ትንሽ ልጨምር፣ ብዙ ሰው ዒዳን ሴትዮዋ የምትታሰርበት አድርጎ ስለሚያየው። እኔ አክስቴን አይቻለሁ። ዒዳ ላይ እያለች ይሄን ሥሪ እዛ ሂጂ የሚላት አልነበረም፣ ሰው ይመጣላታል እንጂ እሷ ወደ ሰው አትሄድም፣ ቁርአን ትቀራለች፣ ታለቅሳለች፣ ታስባለች። በሕይወቷ ለራሷ ብቻ ያገኘችው ጊዜ እሱ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ራማቱላይም የጻፈችው ጊዜው ስለተሰጣት ነው።

አሁን በጣም የምወደውን ቦታ ልንገራችሁ። ሞዱ በተቀበረ በ40ኛው ቀን እነዛው ሦስት ሰዎች ይመጣሉ። እነዛው! ታምሲር፣ ኢማሙ፣ ማውዶ። ታምሲር ከዒዳ ስትወጪ አገባሻለሁ ይላታል፣ ይጠይቃት እንዳይመስላችሁ፣ ይነግራታል ነው። በዒዳ ላይ ያለችን ሴት በግልጽ ማጨት በሃይማኖታችን አይፈቀድም፣ ኢማሙ ደግሞ አጠገቡ ተቀምጧል። ስለዚህ ሙስሊም አንባቢ እዚህ ገጽ ላይ ደሙ ይፈላል፣ ሌላው ላያስተውለው ይችላል። ከዛ ራማቱላይ ትናገራለች። ሠላሳ ዓመት ዝም ያለ ድምፅ ፊት ለፊት ይወጣል፣ ሚስቶቹን እንኳን በደንብ የማይቀልብ ሰው መሆኑን ሳይቀር ትነግረዋለች።

እና ዘንባባ_ጥላ፣ ወረቀት ላይ ማንም አያቋርጣትም ያልሽው እዚህ ጋ ሌላ መልክ ይይዛል። ያን ቀን አፏን የከፈተችው አርባ ቀን ሙሉ ስትጽፍ ስለከረመች ይመስለኛል። መጀመሪያ በወረቀት፣ ቀጥሎ በአፍ። የመጀመሪያው እሁድ ላይ ቃሉ ገና አልነበራትም።

ዘንባባ_ጥላ

ኧረ ተባረኪ! የሦስቱን ሰዎች መመለስ አይቼዋለሁ ግን ከጽሕፈቱ ጋር አላገናኘሁትም ነበር። የዒዳውን ደንብማ ከየት አውቄው። ገጹን ከፍቼ እንደገና እያነበብኩት ነው።

ጡረታ_ላይ_ያለ_መምህር

ሰላም ልጆቼ። የምትጽፉትን ሳነብ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። እኔ በ1970ዎቹ በጎጃም ገጠር አስተማሪ ነበርኩ። በዚያን ጊዜ የአካባቢው ደብዳቤ አንባቢና ጸሐፊ መምህሩ ነው። ልጆቻቸው ሰሜን ጦር ግንባር የነበሩ እናቶች የተጣጠፈ ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይመጣሉ። አነብላቸዋለሁ። ሲያልቅ «እስቲ ከመጀመሪያው» ይሉኛል። ሦስተኛ ላይ እነሱ ከእኔ ቀድመው ይሉታል፣ በቃላቸው ይዘውታል።

መልሱን ሲያስጽፉኝ ግን ነገሩ ዘንባባ_ጥላ እንዳለችው አልነበረም። ጎረቤት አብሮ ይቀመጣል፣ እኔ አለሁ፣ ልጆች አሉ። «ለጤናህ እንደምን ሰነብተሃል፣ እኛ ካንተ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን» ተብሎ ይጀመራል፣ ላሟ መውለዷ ይነገራል፣ የዘመድ ሰላምታ በየስሙ ይዘረዘራል። ዓመቱ ከፍቶ እህል እንዳልበቃ አይጻፍም። አባትየው መታመሙ አይጻፍም። እናትየዋ ዓይኗ እንባ ሞልቶ «ደህና ነን በለው» ትለኛለች፣ እኔም «ደህና ነን» ብዬ እጽፋለሁ። ልጁ ያንን ደብዳቤ ሲቀበል የእኔን የእጅ ጽሑፍ ነው የሚያየው። ስለዚህ በደብዳቤ ብቻውን ተናግሮ ለመጨረስ መጀመሪያ ፊደል ያስፈልጋል።

በ1971 ዓ.ም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ማታ ማታ በፋኖስ ያስተማርናቸው እነዚያን እናቶች ነበር። ከእነሱ አንዷ፣ ስሟን አልጠቅስም፣ ጨርሳ ምስክር ወረቀቷን የያዘች ሰሞን መጥታ ወረቀትና እርሳስ ብቻ ጠየቀችኝ። ልጻፍልሽ ስላት «የለም የኔታ፣ ዛሬ እኔ ነኝ የምጽፍለት» አለችና ዞር ብላ ከግድግዳው ሥር ተቀመጠች። ፊደሎቹ እየተጋደሙ እየወደቁ፣ ግማሽ ገጽ ለመሙላት ከሰዓቱን ሙሉ ፈጀባት። አጣጥፋ ሰጠችኝ፣ እኔ አድራሻውን ብቻ ጻፍኩበት። ምን እንዳለችው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሽምብጥ_ነኝ

ጋሼ መምህር፣ ይሄን አንብቤ ከተቀመጥኩበት መነሳት አቃተኝ። ከላይ ለጠየቅሁት ጥያቄ መልሱ እርስዎ ጋ ነበር ማለት ነው። ልጁ መልስ ጻፈላት?

ጡረታ_ላይ_ያለ_መምህር

ጽፎላታል። እሱንም ራሷ ነች ያነበበችው፣ ወደ እኔ አልመጣችም።

የቆራጣ_ልጅ

ስለ ደብዳቤ ካወራን የኛን ሐይቅ ማለፍ አይቻልም። አፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም ለንግሥት ቪክቶሪያ በአማርኛ ደብዳቤ አስጽፈው ለእንግሊዙ ቆንስል ለካሜሮን ሰጡ፣ ለንደን ደረሰ፣ የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መዝግቦ አስቀመጠው፣ መልስ የለም። ጠብቀው ጠብቀው በ1856 ካሜሮንን አሰሩት። ከዛ በኋላ ነው መልሱ የተጻፈው፣ ሆርሙዝድ ራሳም የሚባል ሰው ይዞት መጣ፣ እሱም ምጽዋ ላይ ከዓመት በላይ ፈቃድ ሲጠብቅ ቆየ።

ይሄን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ቀጥሎ የመጣውን ነው። በ1858 ራሳም ንጉሡን ካገኘ በኋላ እንዲያርፍ የተላከው የት መሰላችሁ፣ ቆራጣ፣ የኛ አገር፣ ከጣና ምሥራቅ ዳር። ንጉሡ ደግሞ ጦራቸውን ይዘው ዘጌ ሰፈሩ። በመሐላቸው ውሃው ነው። እና በነዛ ሳምንታት ከዘጌ ወደ ቆራጣ፣ ከቆራጣ ወደ ዘጌ ደብዳቤ ይመላለሳል፣ ጤናውን ይጠይቁታል፣ ስጦታ ይልኩለታል፣ እሱም ያመሰግናል። ራሳም በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ብዙዎቹን አስገብቷቸዋል። አንዱን ካነበባችሁ በኋላ ሌላውን ማቆም አይቻልም፣ ምክንያቱም የሚጽፈው ሰው ነገ የሚሆነውን አያውቅም። እናንተ ግን ታውቃላችሁ። እሱም ሊታሰር ነው፣ በሚያዝያ 1860 መቅደላ ላይ ደግሞ ምን እንደሚሆን እያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ ያውቃል። ሰላምታው እንደ ወትሮው ሆኖ ከሥሩ ነገሩ ሲበላሽ ይታያል። እኔ እስካሁን ያነበብኩት ትልቁ የደብዳቤ ልብወለድ እሱ ነው፣ ልብወለድ አለመሆኑ ነው እንጂ።

ቆራጣ ዳር ቆማችሁ አየሩ ጥርት ሲል ወደ ዘጌ ተመልከቱ። ያን ያህል ነው ርቀቱ።

ማታ_አንባቢ

የቆራጣ_ልጅ ያልከው ነገር የዶስቶየቭስኪን «ድሆች» አስታወሰኝ። የመጀመሪያ ልብወለዱ ነው፣ በ1846 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ሰውየው ገና 24 ዓመቱ ነበር። ሙሉ በሙሉ በደብዳቤ ነው፣ ማካር ዴቩሽኪን የሚባል ጎልማሳ ጸሐፊና ቫርቫራ የምትባል ወጣት ሴት ይጻጻፋሉ። የሚገርመው አንድ ግቢ ዙሪያ ነው የሚኖሩት፣ መስኮቷን ከመስኮቱ ያየዋል! ለምን ሄዶ አያወራትም ካላችሁ፣ ሰው ያማል፣ ስሟ ይጠፋል፣ እሱም ኮቱ ያለቀ፣ ጫማው የተቀደደ ሰው ነው፣ ፊት ለፊት ከመቆም መጻፍ ይቀለዋል። ሥራው ደግሞ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሌላ ሰው ጽሑፍ መገልበጥ ነው፣ ቀን ቀን የሰው ቃል ሲገለብጥ ይውልና ማታ ለሷ የራሱን ይጽፋል። እኔም ቀን ሙሉ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ «ጉዳዩ፦» እያልኩ የምተይብ ስለሆንኩ ይሄ ቦታ ልቤን ነው የነካኝ።

መጨረሻው ከባድ ነው። ቫርቫራ ሀብታም ሰው አግብታ ርቃ ልትሄድ ነው፣ እሱ የመጨረሻ ደብዳቤው ላይ አትሂጂ፣ ጻፊልኝ፣ እኔም እጽፍልሻለሁ እያለ ይለምናል። ከዛ በኋላ ገጽ የለም። ተራ ልብወለድ ቢሆን ደራሲው መጥቶ «ከዚያ በኋላ እንዲህ ሆነ» ይለን ነበር። በደብዳቤ ሲሆን ግን ደብዳቤው ከቆመ በቃ ቆመ፣ አንተም እንደ ማካር መልስ ስትጠብቅ ትቀራለህ።

ቀይ_ቀለም

በእጅ ስለመጻፍ ብቻ ትንሽ ልበል። ልጅ እያለሁ የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ነበርኩ፣ ቁም ጽሕፈት የሚያስተምሩን የኔታ ነበሩ። መቃውን ራስህ ቀርጸህ ነው ብዕር የምታደርገው፣ ጥቁሩ ቀለም ለጽሑፉ፣ ቀዩ ለቅዱሳን ስም። ብራና ላይ ስሕተት ከሠራህ በቢላ ፍቀህ ነው የምታርመው፣ ስለዚህ ከመጻፍህ በፊት ቃሉን በአፍህ ትለዋለህ። እነ ክብራን ገብርኤል፣ እነ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያሉት መጻሕፍት እንደዛ ነው የተጻፉት፣ አንዳንዱ ላይ መጨረሻው አካባቢ ጸሐፊው አንባቢው እንዲጸልይለት ይለምናል። ያ ሰው ከሞተ ስንት መቶ ዓመቱ፣ አንተን እየለመነህ ነው አሁንም።

ያ ልማድ እስካሁን አልለቀቀኝም፣ እስክሪፕቶ ይዤም ቃሉን ሳልለው አልጽፍም። ስልክ ላይ ግን ጣቴ ይቀድመኛል። ደብዳቤ የምትጽፉ ሰዎች፣ የሰረዛችሁትን ቃል ለመደበቅ ወረቀቱን ቀዳችሁ እንደገና አትጀምሩ። እናቴ የጻፈችልኝ ደብዳቤ ላይ «ቶሎ ና» ጽፋ ሰርዛ «ሲመችህ ና» ብላለች። ከሁሉም የያዝኩት እሱን ነው።

የፖስታ_ሳጥን

እኔ ደሞ ለመጀመር ለምትፈልጉ የሚሆነውን ልበል፣ ብዙ ወጣት እንዴት እንደሚላክ አያውቅም። አገራችን ፖስታ የጀመረው በ1886 ዓ.ም በአፄ ምኒልክ ጊዜ ነው፣ የዓለም የፖስታ ማኅበር ውስጥ የገባነው ደግሞ በ1901፣ ስለዚህ ነገሩ አሮጌ ነው፣ አሁንም አለ፣ ይሠራል። በአብዛኛው ፖስተኛ ቤትህ ድረስ አያመጣልህም፣ ደብዳቤው የሚገባው ሳጥን ውስጥ ነው፣ ፖ.ሣ.ቁ. የሚባለው። የራሳችሁ ከሌላችሁ የምትሠሩበት መሥሪያ ቤት ወይ ትምህርት ቤት ፈቅዶ በነሱ ሳጥን «በ... በኩል» ተብሎ ይጻፋል፣ ድሮም እንዲህ ነው የሚደረገው። የላኪውን አድራሻ አትርሱ፣ ካልተገኘ እንዲመለስ። ዋጋ ያለው ነገር ከሆነ በአደራ አስመዝግቡት። ክረምት ላይ እኛ ጋ ወረቀት እርጥበት ይይዛልና በውሃ የሚለቅ ቀለም አትጠቀሙ፣ ተራ እስክሪፕቶ ይሻላል።

ደሞ ፖስታ ቤት ብቻ አደለም መንገዱ። ክልላችን ውስጥ የሞባይል ዳታ ጠፍቶ በከረመበት ጊዜ እኔ ለእህቴ በሰው እጅ ነበር የምልከው፣ በአውቶቡስ ረዳት፣ ለገበያ በሚሄድ ሰው። መጀመሪያ ላይ ለጉዳይ ብቻ ነበር፣ ይሄን ላኪ ያንን ተቀበዪ፣ ከዛ እየረዘመ ሄደ። ዳታው ሲመለስ ሁለታችንም ቴሌግራም ገባን፣ ግን እሷ ናት መጀመሪያ «ደብዳቤውን አታቋርጥ» ያለችኝ።

ሽምብጥ_ነኝ

አንድ ጥያቄ ቀረኝ፣ መጽሐፉን ትናንት ማታ ጀምሬ ዳውዳ የሚባለው ሰው ጋ ደርሻለሁ። ዳውዳ ዲዬንግ ድሮ ሊያገባት ይፈልግ የነበረ፣ ጨዋ፣ ሐኪም፣ የፓርላማ ሰው ነው። አሁን ባሏ ሲሞት መጥቶ በክብር ይጠይቃታል። እሷ ግን እምቢታዋን በደብዳቤ ነው የላከችው፣ ያውም በጎረቤቷ በፋርማታ እጅ፣ ፋርማታ ደግሞ እሺ ያለች መስሏት ደስ ብሏት ይዛ ትሄዳለች። ይሄ ልክ ነው? ታምሲርን ፊት ለፊት መናገር የቻለች ሴት ለዚህ ለጥሩው ሰው ለምን ፊቱን አታየውም? ሰውየው ያሳዝናል እኮ።

ከመስጊዱ_ማዶ

እኔ እንደሚመስለኝ ልክ ናት። ታምሲር ሊያዛት ነው የመጣው፣ ለትእዛዝ መልሱ እዛው ነው። ዳውዳ ግን ጠየቃት። እምቢ ስትለው ደግሞ ምክንያቷ ቀላል አደለም፣ ሚስትና ልጆች አሉት፣ እሷ በሁለተኛ ሚስት ምክንያት የደረሰባትን ሌላ ሴት ላይ ማድረስ አልፈለገችም፣ ታከብረዋለች ግን አትወደውም። ይሄን ሁሉ ፊት ለፊት ተቀምጠሽ፣ ሰውየው ዓይንሽን እያየ፣ መሐል ላይ «ግን እኮ» እያለ ማስጨረስ ይቻላል? እሱም ብቻውን ሆኖ ያነበዋል፣ ፊቱ ሲቀየር የሚያየው የለም። ለሱም ክብር ነው።

ማታ_አንባቢ

እኔ ደሞ ከሽምብጥ_ነኝ ጋር ነኝ። በመልእክተኛ መላኩ አልተዋጠልኝም። ደብዳቤው ይጻፍ፣ ግን ራሷ ትስጠው። ዳውዳም በጣም አጭር መልስ ልኮ ከዛ በኋላ ደጇን አልረገጠም። ጓደኝነታቸው ሊተርፍ ይችል ነበር።

ዘንባባ_ጥላ

ሁለቱንም እየሰማሁ ነው፣ ግን ልቤ ወደ ከመስጊዱ_ማዶ ያደላል። ራማቱላይ ራሷ ጓደኛዬ ሁን ብላው ነበር እኮ፣ ያልፈለገው እሱ ነው።

እኔን ሌላ ነገር ነው የሚከነክነኝ። አይሳቱ ልትመጣ ነው። መጨረሻው ላይ ነገ ሊገናኙ ነው፣ ይሄ ሁሉ ገጽ የተጻፈው ለምትመጣ ሰው ነው። ፖስታ ቤት ይድረስ አይድረስ መጽሐፉ አይነግረንም። ታዲያ ስትመጣ ቁጭ ብላ አትነግራትም ነበር?

የዘጌ_ቡና

ስትመጣማ የሚወራው ሌላ ነው። ስትመጣ ምግብ ይቀርባል፣ ልጆቹ ይሰበሰባሉ፣ አሜሪካ እንዴት ነው ይባላል፣ ይሳቃል። ከባዱ ነገር አስቀድሞ ካልተጻፈ በዛ መሐል ቦታ አያገኝም።

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ አሁን የመጣሁት ሌላ ሐሳብ ይዤ ነው። የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብወለድ ጽፎ በ1900 ዓ.ም ሮም ላይ ያሳተመው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተወለደው እኛ ዘጌ ነው። እና በደብዳቤ ብቻ የተሠራ ልብወለድ ከዚህ ዳር ቢወጣ ምን ይመስል ነበር እያልኩ ማሰብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ለምሳሌ አንዲት የደቅ ደሴት ልጅ ባሕር ዳር መጥታ ትማራለች፣ አባቷ ደቅ ላይ ነው። ደብዳቤው የሚሄደው ጀልባ ሲገኝ ነው፣ ማዕበል ከሆነ ይቆያል፣ ስለዚህ አባትየው ለመጀመሪያው ደብዳቤ መልስ ሳይሰጥ ሦስት ሆነው አንድ ላይ ሊደርሱት ይችላሉ። በመጀመሪያው አልማርም ብላለች፣ በሁለተኛው ሐሳቧን ቀይራለች፣ ሦስተኛው ላይ ስለ ምግብ ነው የምታወራው። እሱ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደከፈታቸው አስቡት! ለየትኛው ነው መልስ የሚጽፈው? እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ዘመን አይፈጠርም፣ ውሃው ራሱ ታሪኩን ይሠራዋል።

አባትየው ደግሞ ድቁና የተማረ፣ ግእዝ የሚያውቅ፣ ደብዳቤውን ሁሉ በ«ይድረስ» ጀምሮ ፍቅሩን በቀጥታ የማይናገር ሰው ቢሆን እላለሁ። ዓሣው ጠፋ፣ ደንገሉ አነሰ ይላል። እሷ ከሥሩ ናፍቄሻለሁ የሚለውን ማንበብ አለባት።

ጡረታ_ላይ_ያለ_መምህር

የዘጌ_ቡና፣ ይህን ከጻፍከው ለማንበብ ዓይኔ እስኪደክም እጠብቅሃለሁ። አንድ ምክር፣ አባትየው ልጅቱን በደብዳቤ ላይ እስከ መጨረሻው «አንቺ» አይበላት። በዚያ ዘመን የተማረ ልጅ ሲመለስ አባትም «አንቱ» የሚልበት ጊዜ ነበር። ከ«አንቺ» ወደ «አንቱ» የዞረበትን ደብዳቤ አንባቢው ያገኘዋል፣ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግህም።

የዘጌ_ቡና

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ! ይሄን ከየት አገኘው ነበር። ዛሬ ማታ የመጀመሪያውን ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ የልጅቷን፣ የደረሰች ቀን። በእጄ ነው የምጽፈው፣ እዚህ ፎቶ አንስቼ እለጥፈዋለሁ።

ቀይ_ቀለም

ሰርዘህ የጻፍከውን እንዳለ ለጥፈው።

ዘንባባ_ጥላ

የአባትየውን መልስ ደግሞ ሌላ ሰው ይጻፈው እንጂ! ጋሼ መምህር እርስዎ ቢጽፉትስ? የዘጌ_ቡና መልሱ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ይጻፍ፣ እውነትም ጀልባ እንደሚጠብቅ ሰው።

ጡረታ_ላይ_ያለ_መምህር

እሺ ልጄ። እጽፋለሁ። ግን ቶሎ አትጠብቁኝ፣ ማዕበል ነው።